ባለ6 ፓድ የሮኬት ማስወንጨፊያ፦ ባዶ ፓድ ላይ መብራት ይበራል፣ አራት አብረን ስንተኩስ ሁለቱ ይቀራሉ

ቀስተደመና12፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሜሪላንድ ውስጥ ለታዳጊዎች የሞዴል ሮኬት ቡድን የምንጠቀምበት ባለ6 ፓድ (ፓድ ሮኬቱ የሚነሳበት መቆሚያ ነው) የማስወንጨፊያ ሳጥን አለን። ከኤ እስከ ዲ ያሉ የኤስተስ ሞተሮችን ብቻ ነው የምንተኩስበት። አንድ በአንድ ሲሆን ደህና ይሠራል፤ አብሮ መተኮስ ሲመጣ ግን ሁለት ያልገቡኝ ነገሮች አሉ።

ሽቦው እንዲህ ነው። ባትሪው 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ሲሆን እኛ ጋ፣ ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጣል። ከፖዘቲቩ በ20 አምፔር ፊውዝ አልፎ ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ ወደ ፑሽ በተኑ፣ ከበተኑ ደግሞ ስድስቱ ማብሪያዎች ወደሚጋሩት አንድ መስመር ይገባል። እያንዳንዱ ማብሪያ ለአንድ ፓድ ነው። ኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም የፓዱ መስመር መገናኘቱን፣ ለማየት ከቁልፉ በኋላ ካለው ፖዘቲቭ ወደ እያንዳንዱ ፓድ ሽቦ አንድ ኤልኢዲ ከ470 ኦም ሬዚስተር ጋር ታስሯል፤ በተኑንም ማብሪያውንም አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ከሳጥኑ እስከ ፓዶቹ 15 ሜትር ካት 5 የኔትወርክ ኬብል ነው ያለው። ከስምንቱ ሽቦ ስድስቱ መሄጃ፣ አንዱ የሁሉም የጋራ መመለሻ፣ አንዱ ትርፍ።

ችግር አንድ፦ የፓድ 3 እና የፓድ 4 ማብሪያዎች አብረው ሲበሩ፣ ፓድ 3 ላይ ምንም ሳይታሰር የ3 ኤልኢዲ ይበራል። 4ን ሳጠፋው የ3ም አብሮ ይጠፋል።

ችግር ሁለት፦ አራት አንድ ላይ ስንተኩስ ሁለቱ ይነሳሉ፣ ሁለቱ ይቀራሉ። የቀሩትን ለየብቻ ስንሞክራቸው ግን ወዲያው ይነሳሉ። ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.6 ቮልት ያሳያል። ትልቅ ባትሪ ልግዛ?


ሽቦና_ኦም፦

ባትሪ አትግዛ። ባትሪያችሁ ከበቂ በላይ ነው፤ ኃይሉን የሚበላው ኬብሉ ነው።

የካት 5 ሽቦ በኪሎ ሜትር 84 ኦም ገደማ አለው። በ15 ሜትር 1.26 ኦም ይሆናል፤ ይህም ለመሄጃው ብቻ ነው። መመለሻው ሌላ 1.26 ይጨምራል። የኤስተስ ኢግናይተር (ሞተሩን የሚለኩሰው ቀጭን ሽቦ) ራሱ ከ1 ኦም በታች ስለሆነ 0.7 ብለን እንያዝ፣ ለክሊፖቹ 0.1፣ ለባትሪው ውስጥ 0.03። አንድ ሮኬት ብቻ ሲሆን ድምሩ 3.35 ኦም ነው፤ 12.6 ቮልት ለዚህ ሲካፈል 3.8 አምፔር ይሰጣል። ኢግናይተሩ በአስተማማኝ ለመንደድ 2 አምፔር ገደማ ስለሚፈልግ ይነሳል።

አራት ሲሆኑ መሄጃቸው የየራሳቸው ነው፤ መመለሻው ግን አንድ ቀጭን ሽቦ። አራቱ ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው 2.06 ኦም ናቸው፣ ጎን ለጎን 0.515 ይሆናሉ፤ የጋራው መመለሻና ባትሪው 1.29 ይጨምራሉ። ጠቅላላው 7 አምፔር፣ ለአራት ሲካፈል 1.75። ከሚፈለገው በታች ወረዳችሁ። ኢግናይተሮች እኩል ስላልሆኑ ቀለል ያሉት ሁለቱ ይነዳሉ፣ ሌሎቹ ይሞቃሉ እንጂ አይነዱም።

ከዚያ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ሁለቱ ሮኬቶች ሲነሱ ክሊፖቻቸው ወደ ብረቱ የእሳት መከላከያ ሳህን ይወድቁና እርስ በርስ ሾርት ያደርጋሉ። ያን ጊዜ እነዚያ ባዶ ሽቦዎች ከረንቱን ይሻሙታል፤ ለቀሩት ሁለት ሮኬቶች 1.4 አምፔር ብቻ ይደርሳቸዋል። በተኑን ይዛችሁ ብትቆዩም ለውጥ የለውም።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻ የሚሆን መፍትሔ፦ ትርፉን ስምንተኛ ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ከመመለሻው ጋር እሰሩት። መመለሻው ወደ 0.63 ይወርድና አራት አብረው ሲተኮሱ ለእያንዳንዱ 2.7 አምፔር ይደርሳል። ማስታገሻ ነው፣ መድኃኒት አይደለም።

ወደ መብራቱ ስመጣ፦ የ3 እና የ4 ማብሪያዎች ሲበሩ ሁለቱ ፓዶች በጋራው መስመር ይገናኛሉ። የ3 ኤልኢዲ ከረንት በፓድ 3 መሄጃ ሲያጣ በማብሪያ 3 ወደ ጋራው መስመር ይመለሳል፣ በማብሪያ 4 ወርዶ በፓድ 4 ኢግናይተር በኩል ወደ ኔጌቲቭ ይደርሳል። ኤልኢዲው አልዋሸም፤ የጎረቤቱን ኢግናይተር ነው ያሳየህ። ስለዚህ በአሁኑ ሳጥን ኮንቲኒዩቲ የሚነበበው ስድስቱም ማብሪያ ጠፍቶ ነው። ማብሪያው ለኤልኢዲው አያስፈልግም።

ይህ የመብራት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። ማብሪያዎች አብረው ሲበሩ የበርካታ ኤልኢዲዎች ከረንት በአንድ ኢግናይተር ሊያልፍ ይችላል። በ470 ኦም አንዱ 22 ሚሊ አምፔር ነው፤ ስድስቱ ሲደመሩ 135። የኤስተስ ኢግናይተር አይነካውም፤ ነገ በትንሽ ከረንት የሚነሳ ኢ-ማች (የኤሌክትሪክ ክብሪት) ስትጠቀሙ ግን የደኅንነት ልዩነቱ ይጠባል። ሬዚስተሮቹን ወደ 1 ኪሎ ኦም ቀይራቸው። አንዱ ኤልኢዲ ራሱ ሾርት ቢያደርግ እንኳ በእሱ በኩል ከ12.6 ሚሊ አምፔር አያልፍም።


ማሳ_ፈላጊ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ሳጥኑን አፍርሳችሁ በሪሌ፣ ማለትም ጥቅልሉ በትንሽ ከረንት ሲሳብ ትልቅ ከረንት በሚያገናኝ ማብሪያ፣ ብትሠሩት እመርጣለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ የነካ ሰው ያውቀዋል፦ ትልቅ ከረንት በረጅም ሽቦ አይጎተትም፤ ባትሪው ወደ ሥራው ይጠጋል፣ ወደ ሾፌሩ የሚመጣው ትእዛዙ ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው ስድስት ባለ12 ቮልት 40 አምፔር የመኪና ሪሌ ለፓዶቹ፣ አንድ ተጨማሪ ለዋናው፣ ሰባት ሶኬት፣ ሰባት ዋን ኤን 4007 ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ስድስት ባለ15 አምፔር ፊውዝ፣ አንድ ባለ40 አምፔር ዋና ፊውዝ፣ አንድ ባለ2 አምፔር ትንሽ ፊውዝ፣ አንድ የባትሪ ማቋረጫ፣ አንድ 12 ቮልት ጩኸት ማሰሚያ። ከሪሌው እስከ ክሊፑ ያለው 2 ሜትር የማይሞላ ባለ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ብዙ ክር ሽቦ ይሁን። በኪሎ ሜትር 12 ኦም ስለሆነ በዚያ ርቀት ደርሶ መልሱ 0.05 ኦም ነው፤ የለም በለው።

ባትሪና ሪሌዎች ፓዶቹ አጠገብ ባለ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ሳይርቅ 40ው ፊውዝ፣ ቀጥሎ ማቋረጫው፣ ከዚያ የዋናው ሪሌ 30 ቁጥር (ከሪሌው እግሮች 30 እና 87 ሪሌው ሲሳብ የሚገናኙት፣ 85 እና 86 የጥቅልሉ ጫፎች ናቸው)። የዋናው ሪሌ 87 የስድስቱን ሪሌዎች 30 ቁጥር ይመግባል፤ የእያንዳንዱ 87 በየ15 ፊውዙ አልፎ ወደ ፓዱ ክሊፕ። ሌላኛው ክሊፕ በወፍራም ሽቦ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ። የሰባቱም 85 እዚያው ከማሳ ጋር ይታሰራል።

ከማቋረጫው በኋላ በ2ው ፊውዝ በኩል አንድ ቀጭን ፖዘቲቭ ወደ እናንተ ይመጣል። ቁልፍ፣ በተን፣ ስድስቱ ማብሪያዎች፤ ከየማብሪያው አንድ ሽቦ ወደየሪሌው 86 ይመለሳል። ከበተኑ በቀጥታ፣ ማብሪያ ሳይነካ፣ አንድ ሽቦ ወደ ዋናው ሪሌ 86። በተኑ ካልተጫነ ዋናውም የፓዱም ሪሌ አይሳብም።

የአንዱ ጥቅልል ከረንት 150 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሆነ የድሮው ካት 5 ለዚህ በቂ ነው፤ ሰባቱም አብረው ቢሳቡ በ15 ሜትር የሚጠፋው 1.5 ቮልት ገደማ ነው። ነገር ግን የግድግዳ ውስጥ ካት 5 ባለ አንድ ክር ነው፤ ሜዳ ላይ ሲጠቀለል ሲፈታ ይሰበራል። እዚያ አሜሪካ የተጎታች መኪና ባለ7 ሽቦ ኬብል ከመኪና ዕቃ መደብር ይገኛል፣ እሱ ይሻላል።

ዳዮዱን አትርሱ። ባለ ቀለበቱ ጫፍ ወደ 86፣ ሌላው ወደ 85፣ ከሪሌው ሥር። ከሌለ በተኑ በተለቀቀ ቁጥር ጥቅልሉ ወደ ኋላ የሚረጨው ከፍተኛ ቮልቴጅ የበተኑን ከንፈር ይበላዋል። ተገልብጦ ከገባ ገና በመጀመሪያው ጭነት ባለ2 አምፔሩ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።


ቀስተደመና12፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የ7ው አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃል ማለት ነው? ኤልኢዲዎቹስ የት ይሁኑ? ልጆቹ ሲያስሩ ፓዱ ጋ ቢያዩት ደስ ይለኛል፣ ግን ተኳሹም ከሩቅ ማየት አለበት።


ሽቦና_ኦም፦

ባትሪው ይበቃል። ሙሉ ሲሆን ሥራ ሳይሠራ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ያነባል፤ ወደ 12.2 ሲወርድ ግማሹ አልቋል፣ ቻርጅ አድርጉት።

ኤልኢዲዎቹ ተኳሹ ጋ ይሁኑ። ሁለተኛ ኬብል ዘርጉ፤ ከየሪሌው 87 በኩል፣ ከፊውዙ ወዲያ ካለው የፓድ ሽቦ አንድ አንድ ቀጭን ሽቦ ወደ ሳጥናችሁ ይመጣል፣ ኤልኢዲው ከቁልፉ በኋላ ካለው ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል። ወደ ዋናው ሪሌ 86 የሚሄደውም ሽቦ በዚሁ ሁለተኛ ኬብል ያልፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ። 1 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር ከኤልኢዲው ጎን ሳጥናችሁ ውስጥ አትበይዱት፤ ፓዱ ዳር፣ ሽቦው ከፓድ መስመር በሚለይበት ነጥብ ላይ ይበየድ። ምክንያቱ፦ ሬዚስተሩ እናንተ ጋ ከሆነ 15 ሜትር ሙሉ የሚዘረጋው ሽቦ የኢግናይተሩ ቀጥተኛ ጫፍ ነው። ኬብሉ በጫማ ተረግጦ ወይ በወንበር እግር ተቆርጦ ከፖዘቲቭ ሽቦ ጋር ቢነካካ፣ ሪሌም በተንም ሳይጠየቅ ሙሉ ከረንት ወደ ኢግናይተሩ ይሄዳል። ሬዚስተሩ ፓዱ ዳር ሲሆን ግን ኬብሉ ምንም ቢሆን ከ12.6 ሚሊ አምፔር በላይ ማለፍ አይችልም። ዋጋው አንድ ነው፣ ቦታው ብቻ ነው የሚለያየው።

በዚህ አሠራር ባዶ ፓድ ላይ የሚበራው መብራትም ይቀራል። ማብሪያዎቹ የሚነኩት የሪሌ ጥቅልል ብቻ ነው፤ በተኑ እስኪጫን የፓዶቹ ሽቦዎች በየትም አይገናኙም።

አንድ ገደብ ግን ይታወቅ። ኤልኢዲ የሚያሳየው መስመሩ መገናኘቱን እንጂ ጥራቱን አይደለም። በባሩድ ጥቀርሻ የቆሸሸ ክሊፕ 20 ኦም ቢኖረው በ10 ሚሊ አምፔር የሚጠፋው 0.2 ቮልት ነው፣ መብራቱ ሳይደበዝዝ ይበራል፤ ሮኬቱ ግን አይነሳም። ሾርት ያደረጉ ክሊፖችም እንዲሁ ደምቀው ይበራሉ። ክሊፑን በአሸዋ ወረቀት ማጽዳት የኤሌክትሮኒክስ ምትክ የለውም።


ንስር_ክንፍ፦

ሪሌዎቹ 87ኤ (ሪሌው ሳይሳብ ከ30 ጋር የሚገናኝ እግር) ስላላቸው ለምን አትጠቀሙበትም? ፓዱን 30 ላይ፣ ፖዘቲቩን 87 ላይ፣ ማሳን 87ኤ ላይ ብታስሩት ሪሌው ባልተሳበበት ጊዜ ሁሉ ኢግናይተሩ በሁለት በኩል ማሳ ይይዛል። ምንም ዓይነት ድንገተኛ ከረንት አይነካውም።


ማሳ_ፈላጊ፦

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በዚህ ሳጥን ግን አይሆንም። ፓዱ ሁልጊዜ ማሳ ከያዘ ኤልኢዲው ኢግናይተር ኖረም አልኖረም ይበራል፤ ኮንቲኒዩቲውን ገደልከው። ሌላው፣ ባትሪው ደክሞ ሪሌው ከተንቀጠቀጠ ከንፈሩ ከ87 ወደ 87ኤ ብልጭታ እየጎተተ ሲሄድ ባትሪውን በቀጥታ ከማሳ ጋር ያገናኘዋል። እኔ 87ኤን ባዶ እተወዋለሁ። የማይፈለገውን እግር ከሶኬቱ አውጡት፣ ማንም በስህተት እንዳያስርበት።

ስለ መንቀጥቀጥ ካነሳን አይቀር፦ የየፓዱ ፊውዝ ጥቅሙ እዚህ ነው። የወደቁ ክሊፖች ሾርት ሲያደርጉ በአጭር ወፍራም ሽቦ ከ50 አምፔር በላይ ይፈሳል። ፊውዙ ካልበጠሰው የባትሪው ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ሪሌው እንደገና ይስባል። ትር ትር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው፤ ከንፈሩም በዚያው ይጣበቃል። ባለ15ቱ ግን የወደቀውን ፓድ ብቻ ቆርጦ ሌሎቹን ያተርፋል።


እማማ_ሮኬት፦

የተጣበቀ ሪሌ ከተነሳ እኔ የምጨምረው አለ፤ የማስወንጨፊያ ሳጥን አደጋው ያለው እዚያ ነውና። ዋናው ሪሌ ተጣብቆ የፓድ 1ም ከተጣበቀ፣ ፓዱ ጋ ያለው ሰው በማቋረጫው ባትሪውን ሲያገናኝ ሮኬቱ ፊቱ ላይ ይነሳል። የፓድ 1 ብቻ ከተጣበቀ ደግሞ ፓድ 5ን ስትተኩሱ 1ም አብሮ ይሄዳል፤ ልጅ ጎንበስ ብሎ እያሰረ ከሆነ አስቡት።

ስለዚህ ሮኬት ሜዳ ከመድረሱ በፊት በመኪና የፍሬን አምፖል ፈትሹ። ባለ12 ቮልት 21 ዋቱ ይሁን፤ 1.75 አምፔር ስለሚጎትት ለኢግናይተር ይቀርባል። ሁለት ሽቦ በይዱበትና ፓድ 1 ክሊፖች ላይ ያዙት። በማቋረጫው ባትሪውን አገናኙ፦ አምፖሉ ጨለማ፣ ጩኸት ማሰሚያውም ዝም ማለት አለበት። ቁልፉን አስገቡና አዙሩ፦ ኤልኢዲ 1 ይበራል፣ አምፖሉ አሁንም ጨለማ ነው፤ 10 ሚሊ አምፔር አያበራውም። ቀጥሎ ከ2 እስከ 6 ያሉትን ማብሪያዎች አብሩ፣ 1ን ብቻ አጥፍታችሁ በተኑን ተጫኑ። ጩኸቱ ይሰማል፣ አምፖሉ ግን መብራት የለበትም። ከበራ የ1 ሪሌ ተጣብቋል፣ ጣሉት፤ መትቶ ማላቀቅ የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ 1ን ብቻ አብርታችሁ ተጫኑ፦ ሙሉ ብርሃን። እንደበራ የክሊፖቹን ቮልቴጅ ለኩ፤ ከባትሪው ጫፎች ንባብ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ የላላ ሶኬት ወይም የቆሸሸ ክሊፕ ፈልጉ። እንዲህ እያላችሁ እስከ ፓድ 6።

ጩኸት ማሰሚያውን ከዋናው ሪሌ 87 ወደ ማሳ ነው የምታስሩት፣ ወደ ቁልፉ አይደለም። ቁልፉ ላይ ከታሰረ ቀኑን ሙሉ ይጮህና ሰው ጆሮ አይሰጠውም። ዋናው ሪሌ ላይ ሲሆን ድምፁ አንድ ትርጉም አለው፤ በተን ሳይጫን ከጮኸ በማቋረጫው ባትሪውን ቁረጡና ወደ ኋላ በሉ።

ቁልፉ ጠፍቶ ካልሆነ የማይወጣ ዓይነት ይሁን። የሚያስረው ሰው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ይሄዳል፤ ሳጥኑ ላይ ቁልፍ ከታየ ፓድ አጠገብ ማንም የለም ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬትሪ ማኅበር ደንብ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ ከበተኑ ጋር በተከታታይ የታሰረ የደኅንነት ቁልፍ፣ ሲለቁት በራሱ የሚመለስ በተን። ርቀቱ እስከ ዲ ላሉ ሞተሮች 15 ጫማ፣ ለሚበልጡ 30 ጫማ ነው፤ 15 ሜትራችሁ ለሁለቱም ይበቃል። ያልተነሳ ሮኬት ካለ ቁልፉ ይውጣ ወይም ባትሪው ይቋረጥ፣ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም አይጠጋ። አራት ተኩሳችሁ ሦስት ከተነሱም ሕጉ ያው ነው።


ቀስተደመና12፦

እማማ፣ አምፖሉን ዛሬውኑ እበይዳለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ክሊፖቹ ሳህኑ ላይ እንዳይወድቁ ሳህኑን ቀለም ብቀባውስ?


ሽቦና_ኦም፦

ቀለም ከሁለት ተኩስ በኋላ ይላጣል። ከፓዱ እግር በአንድ በኩል የእንጨት ካስማ ትከሉ፣ የሁለቱን ክሊፖች ሽቦ ለየብቻ በካስማው ላይ እሰሩ፣ በመካከላቸው የአንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ይኑር። ከካስማው እስከ ኢግናይተሩ ያለው ርዝመት ለመድረስ ብቻ የሚበቃ ይሁን፤ ሮኬቱ ሲሄድ ክሊፖቹ ወደ ካስማው ይወዛወዛሉ እንጂ ሳህኑ ላይ አይተኙም። የማስወንጨፊያውን ዘንግ ታችኛ ጫፍም በሙቀት በማይቀልጥ ቴፕ ጠቅልሉት፤ ክሊፑ አንዳንዴ የሚነካው ሳህኑን ሳይሆን ዘንጉን ነው።